ለፈተና ብቻ

ወንድሜ የሞተው መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ነው። ይህን ቀድሜ የምጽፈው ሰፈር ውስጥ ሌላ ሌላ ስለሚወራ ነው። ቁጣ ነው የሚል አለ። ጌታ ቀጣው የሚል አለ፤ እንዲህ የሚሉት ደግሞ አብረውት የዘመሩ ናቸው። ቲቢ ነው። የመጀመሪያውን መድኃኒት ሳያቋርጥ ወስዶ ጨረሰ፤ ሳሉ ግን አልለቀቀውም። እንደገና ሲመረመር ነርሷ፣ «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶታል። የሚሞተው ሞቶ የማይሞተው ነው የተራባው» አለችው። ወንድሜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበር። በማስኩ ውስጥ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ግድግዳውን ያዘ። ትንፋሹ ሲመለስ፣ «እህቴ፣ ይህን ምዕራፍ የማስተምረው እኔ ነኝ» አላት።

እሷ አልገባትም። እኔም ያን ዕለት አልገባኝም።

እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ማለፊያ ውጤት አልመጣልኝም። ሶዶ ውስጥ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ስናገር ቃል ይይዘኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ቤታችን የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። ይህን በአማርኛ የምጽፈው፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ በአማርኛ ማልቀስ ስለማይቀናኝ ነው። በእናቴ ቋንቋ ብጀምረው ከሁለተኛው መስመር አላልፍም።

ሁለታችንንም ባዮሎጂ ያስተማሩን አንድ ሰው ናቸው። ወንድሜን ቀድመው፣ እኔን ጡረታ ሊወጡ ሲሉ። ሁልጊዜ ኮት ይለብሳሉ፤ ጠመኔ ኮታቸውን ሲነካው አይቼ አላውቅም። እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ሰኞም እሑድም የምንጠራቸው «ቲቸር» ብለን ነው። የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ሲደርስ መጽሐፉን ይዘጉና ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። «ቀጭ» ይላል። ከዚያ፣ «ልጆች፣ ይህ ለፈተና ብቻ ነው። ጻፉት፣ እለፉበት፣ አትመኑት» ይላሉ።

ክፍሉ ይስቃል። እሳቸውም ትንሽ ፈገግ ይላሉ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተው ያስተምሩታል፤ በጣም አሳምረው ነው የሚያስተምሩት። የወፎቹን መንቁር፣ የዓሣ ነባሪውን የኋላ እግር አጥንት፣ ሁሉንም ቦርዱ ላይ ይስሉታል። እኔ ከባዮሎጂ ያልረሳሁት እሱን ብቻ ነው። እንዲህ የሚሉት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። እዚህ አገር ባዮሎጂ የተማረ ሁሉ ያቺን ቃል ሰምቷል። እንደ ቡራኬ ናት። እሷ ከተባለች በኋላ መምህሩም አይጠየቅም፣ ተማሪውም አይጠየቅም፣ ወላጅም ደብተር ገልጦ አይደነግጥም።

ወንድሜ መጀመሪያ የተመደበው ከሶዶ ውጭ፣ ሃላሌ ነበር። ቲቸር ጡረታ ሲወጡ ወደ ሶዶ ተዛወረና የእሳቸውን ክፍሎች ወሰደ። ቲቸር ራሳቸው ናቸው ለርእሰ መምህሩ የነገሩለት። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ የሚኮሩበት እሱ ነበር። በመዘምራን ውስጥም ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው እሱ ነው። እሑድ መድረክ ላይ ከኋላ ረድፍ ይቆማል፤ ሌሎቹ ከፍ ዝቅ ሲሉ የእሱ ድምፅ ከሥር እንደ ወለል ነው። ወለሉ ላይ ሌላው ይራመዳል።

ምዕራፉ ደረሰ። ተማሪዎቹ ያቺን ቃል ጠበቁ። እሱ ዝም ብሎ ርእሱን ቦርዱ ላይ ጽፎ ማስተማር ጀመረ። ይህን የነገረኝ በኋላ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ተማሪ ነው። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ «ቲቸር፣ ለፈተና ብቻ ነው አይደል?» አለች።

«አይደለም» አላት። «እውነት ስለመሰለኝ ነው የማስተምራችሁ። እውነት ባይመስለኝ እነግራችሁ ነበር።»

«ጌታስ?»

«ጌታንም አምናለሁ። እሱም ለፈተና አይደለም።»

ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አልተናገረም። ሰው ከዝንጀሮ መጣ አላለም፤ ብሏል ብለው ያወሩት ግን ይህን ነው። ቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ጠየቁት፤ መለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎች ጠሩት።

ከዚያ ሲመለስ ቤት ጠብቄው ነበር። እናቴ ቦይና የምንለውን ሥር ቀቅላ፣ ዳጣ በትንሽ ሳህን አቅርባለት ነበር። ሥሩን እየላጠ፣ አንዱንም ሳይበላ፣ የሆነውን ነገረን። አዳምን ታምናለህ ብለው ጠየቁት። አምናለሁ፤ እግዚአብሔር ሲጠራው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው እሱ ነው አላቸው። ሰው ከአፈር አልተሠራም ትላለህ ወይ አሉት። ከአፈር ነው፤ መጽሐፉ አፈሩን ምን ያህል ጊዜ እንዳቦካው አይናገርም፣ እግዚአብሔር ችኮላ የለበትም አላቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቅቤ የሚነግዱት፣ ስለዚህ አያቴ ዝንጀሮ ናቸው ማለት ነው ሲሉት፣ «የእርስዎን አያት አላውቃቸውም፤ የእኔ አያት ግን ከበቆሎ ላይ ዝንጀሮ ሲያባርሩ ነው የኖሩት» አለ። ይህን ሲነግረን እኔ ሳቅሁ። እዚያ ግን ማንም አልሳቀም። እሱን የከነከነው ይሄ ነበር። «አንድ ሰው እንኳን አልሳቀም» አለ፣ ደግሞ ደጋግሞ።

ከዚያ ቲቸር በለሆሳስ አናገሩት። ማስተማርህን ማንም አልከለከለህም፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬዋለሁ፤ ያቺን ቃል አስቀድመህ በል፣ ሌላ የምንጠይቅህ የለም አሉት። አልችልም አላቸው።

እሑድ ከፕሮግራሙ በኋላ፣ ከጠፋ ቁልፍና ከሠርግ ጥሪ ማስታወቂያ ጋር፣ ስሙ ተነበበ። ከመዘምራን አገልግሎትና ከጌታ እራት ታግዷል፤ በንስሐ እስኪመለስ ድረስ።

ሶዶ ትንሽ ከተማ ናት ባይባልም ወሬ ሲሆን ትንሽ ናት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ የሚቆሙ ባጃጅ ነጂዎች አሉ። አንዱ፣ የአጎቱ ማሳ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለው፣ በየጧቱ ይመጣና፣ «ወንድምህን ንገረው፤ ዘመዶቹ በቆሏችንን ጨረሱት፤ ይምከራቸው» ይላል። ሌላው፣ «ምን ያድርግ፣ ታላላቆቹ ናቸው፣ አይሰሙትም» ይላል። በደህና ጊዜ ቢሆን ራሴም የምስቅበት ቀልድ ነው። መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ቃሉ ይያዝብኛል። እስኪወጣ ባጃጁ ተነሥቷል።

ወንድሜ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተወም። ይህን ብዙዎች አያውቁም፣ ወይም ማወቅ አይፈልጉም። እኛ ጋ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ነው የሚቀመጡት፤ በመካከል መተላለፊያው አለ። እሱ ከመድረክ ወርዶ በወንዶች በኩል የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከአጠገቤ ይቀመጥ ጀመር። እናቴ በግራ በኩል ከፊት፣ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት ቦታዋ አልተነሣችም። ወደ ኋላም አልዞረችም።

የጌታ እራት ሲሆን አስተናጋጁ ትሪውን ከጫፍ ያቀብላል። እንጀራና ትንንሽ ጽዋዎች ናቸው። የታገደ ሰው አይወስድም፤ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። ወንድሜ ትሪውን በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ትንሽ ይይዘዋል፣ ከዚያ ለእኔ ያሳልፈዋል። ሲያሳልፈው ጽዋዎቹ አይንቀሳቀሱም። ጎንበስ ብሎ፣ እንደሚያስተናግድ ሰው፣ እስክወስድ ይጠብቀኛል። ወሰድኩ። በየወሩ እሱ እየያዘልኝ ወሰድኩ። አጎርሶኝ ራሱ ጦሙን ያደረ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወንድሜና እናቴ እንሰት ሲተክሉ አብሬአቸው ነበርኩ። ከጥቂት ዓመት በፊት አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ ገብቶ ጓሮውን ጨርሶት ነበር። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይወድቃል፣ ይሸታል። ከሁሉም ዓይነት የቆሙት ሁለት ብቻ ነበሩ። እናቴ ችግኝ ያወጣችው ከእነሱ ነው። አሁን ጓሮው ሞልቷል። ወንድሜ አፈር እየኮተኮተ፣ «እማዬ፣ እኔ የማስተምረው ይህንን ነው እኮ። በሽታ መጣ፣ የማይችለው ሞተ፣ የቻለው ልጅ አፈራ። ጓሮው ተለወጠ» አላት።

እናቴ ቀና አላለችም። «ራሱ አልተለወጠም። እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለችው።

«እሱ ነው የምልሽ!» አለ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። «አንቺ ነሽ የመረጥሽው። በበሽታው በኩል፣ በክረምቱ በኩል፣ በእጅሽ በኩል። ጓሮውን ለሚያይ ሰው አንቺ አትታዪም። አለሽ ግን።»

እናቴ ችግኙን አስተካክላ አፈሩን በእግሯ ረገጠች። «እንግዲያው ይህንኑ ንገራቸውና ይፍቱህ» አለች።

«ነግሬአቸዋለሁ።»

«ሌላ በል።»

እውነቱን ልጻፍ። እኔም እንደ እናቴ ነበርኩ። ወንድሜ ልክ ይሁን አይሁን ዛሬም በደንብ አላውቅም። የባሕር እንስሳ እንዴት እግር እንዳወጣ ብዙ ጊዜ አስረድቶኛል፤ ሲያስረዳኝ ይገባኛል፣ ሲሄድ ይጠፋኛል። የምፈልገው መድረክ ላይ እንዲመለስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ በእግር እየሄድን ጠየቅሁት። አንዲት ቃል ናት፤ ቲቸር ብለዋት ኖረዋል፣ ሌሎቹም ይሏታል፣ ምን ይጎዳሃል አልኩት። እኔ ይህን ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። እሱ ከቤተሰቡ ሁሉ ሳይቸኩል የሚጠብቀኝ ሰው ነበር። ቆሞ ጠበቀኝ። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦

«ታ ኢሻው፣ ልጆቹ የማያምኑትን ጽፎ ማለፍን ከእኔ ከተማሩ፣ እሑድ ሲዘምሩ የሚያምኑትን ይሁን የሚያልፉበትን በምን አውቃለሁ?»

«ታ ኢሻው» ወንድሜ ሆይ ማለት ነው። ከእሱ ሌላ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ አልነበረም። አሁን ማንም የለም።

በዚያው ዓመት ሳሉ ጀመረው። ቀሪውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ሁለተኛው መድኃኒት ብዙ ክኒን ነው፤ ጆሮው ይጮህ ነበር፣ ያስመልሰው ነበር፣ ሥጋው አለቀ። ከዋናው ቤት ለይተን ጓሮ ያለችው ክፍል አስተኛነው። እናቴ ስኳር ስላለባት ነርሷ እንዳትገባ ከለከለቻት። በመስኮቱ ውጭ፣ ከእንሰቱ ሥር በርጩማ አድርጋ ትቀመጣለች። እኔ ማስክ አድርጌ እገባለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ሰው በሩ ድረስ አይደርስም ነበር። ግቢው መግቢያ ላይ ቆመው ይጸልዩና ይሄዳሉ። በሽታው ይተላለፋል፤ አልፈርድባቸውም። ግን ትንሽ ቀረብ ማለት ይቻል ነበር። እናቴ ያለችበት ድረስ።

ቲቸር በስልክ ጸለዩለት። ድምፁን ከፍ አድርጌ ትራሱ አጠገብ ያዝኩለት። ረጅም ጸሎት ነበር፣ ከልባቸው ነው የጸለዩት፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መሐል ላይ፣ ጌታ ሆይ ይህን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ አንተ አጥፋው አሉ። ስልኩ ሲዘጋ ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ።

«ሰማህ? ተላመደ አሉ» አለኝ። «ምዕራፉን አመኑ።»

«በ... በስልክ ብቻ» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ የመጨረሻው ነው ብዬ ማሰብ እወዳለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ መዘመር ጀመረ። ድምፁ አልነበረም። ምን እንደሆነ መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ የሚያቃስት መስሎኝ ነበር። ከዚያ አወቅሁት። በወላይትኛ የምንዘምረው የቆየ መዝሙር ነው፤ እሱ ግን የሚይዘው ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የለም። ወለሉ ብቻ። የሚራመድበት ስለሌለ እኔ ዜማውን ጀመርኩ፣ በማስኩ ውስጥ። ድምፄ መጥፎ ነው። ስዘምር ግን ቃል አይይዘኝም፤ ይህን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ከመስኮቱ ውጭ እናቴ ዝም ብላ ነበር፤ ሰምታ ይሁን ተኝታ አላውቅም። ስንጨርስ፣ «እግዚአብሔር አይቸኩልም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «የቸኮልኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

አስከሬኑ ገና እቤት እያለ ቲቸር መጡ። ዕድርተኞቹ ድንኳን ይተክሉ ነበር። አቦካዶው ሥር የፕላስቲክ ወንበር ቀርቦላቸው ጠሩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። ከተማሪዎቼ ሁሉ፣ ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። ጠበቅኋቸው። መጠበቅን ከወንድሜ ተምሬአለሁ።

«የመጨረሻውን ያየኸው አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ።

«አዎ ቲቸር።»

«ምን አለ?»

ስለ መዝሙሩ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። እጄን ያዙኝ። «እንግዲህ ተመልሷል ማለት ነው» አሉ።

«ከ... ከየት?»

የያዘኝ ለቅሶ መሰላቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከየት እንደሆነ ተወው አሉኝ። ሥርዓቱን አስረዱኝ። የታገደ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አይገባም፣ መዘምራንም አይዘምሩለትም። ነገር ግን ከቤተሰብ አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ሳይሞት በፊት ተመልሷል ብሎ ከመሰከረ እገዳው እዚያው ይነሣል። የሚጠበቀው አንድ ምስክር ነው። እሱም እኔ ነኝ።

«እሱ ግን አ... አላለም» አልኳቸው። «ተሳስቻለሁ አላለም።»

ወደ ድንኳኑ ተመለከቱ። «ለሥርዓቱ ብቻ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ትለውና ያልፋል።»

ጠመኔ ጠረጴዛ ላይ «ቀጭ» ሲል የሰማሁ መሰለኝ። እሳቸው ዝምታዬን እሺ አድርገው ወሰዱት። ቃል የሚዘገይበት ሰው ዝምታ ሁልጊዜ እሺ ይመስላል።

እናቴ ነገሩን ከሌላ ሰው ሰምታ ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠችኝ። በቋንቋችን ያለችኝን በአማርኛ እንዲህ ልለው እችላለሁ፦ «ቃሉ ምን ይጎዳሃል? እሱ አይሰማህም። እኔ ግን መዝሙሩን እሰማለሁ።»

በማግሥቱ ሳጥኑን አዳራሹ በር ላይ፣ ደረጃው ሥር፣ ሁለት አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ተማሪዎቹ በዩኒፎርም መጥተው ግቢው ሞልቷል። መዘምራኑ ልብሳቸውን አልለበሱም፤ አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘውታል፤ ከምስክሩ በኋላ ለመልበስ። ቲቸር ማይኩን ይዘው፣ ወንድሙ በመጨረሻ ሰዓቱ የሆነውን ይመሰክርልናል አሉና ለእኔ ሰጡኝ። መዘምራኑ ከወዲያ ልብሱን መዘርጋት ጀመሩ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ ታየኛለች።

በልቤ ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ነበረ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስተካክለው ያደርኩት ነው። «አልተመለሰም፤ ምክንያቱም አልሄደም። ከእግዚአብሔር አንድ ቀን አልሄደም፤ ሲሞት ይዘምር ነበር።» ሁሉም አጭር ነው። የሚይዘኝ ቃል ውስጡ እንዳይኖር መርጬ ነው።

በወላይትኛ፣ «አልተመለሰም» አልኩ። ጥርት ብሎ ወጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ያለ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ያዘኝ።

ሁለተኛው አልወጣም። አፌ ተከፍቶ፣ አንገቴ ተገትሮ፣ ማይኩ ውስጥ ትንፋሼ ብቻ ይሰማል። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም ጮኹ። የሚያለቅሰው አለቀሰ፣ የሚያጉረመርመው አጉረመረመ። እኔ አሁንም ያንኑ ቃል እየገፋሁ ነበር፤ ደርሶ ነበር፣ ምላሴ ላይ ነበር። ቲቸር ማይኩን ከእጄ ወሰዱት። በቁጣ አይደለም፤ ቀስ ብለው፣ ከታመመ ሰው እጅ ዕቃ እንደሚቀበል ሰው። ለቤተሰቡ መጽናናት እንጸልይ አሉ። ቃሉ የወጣው ያኔ ነው፤ «አልሄደም» ብዬአለሁ፣ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ያለ ማይክ ግን ማን ይሰማል። መዘምራኑ ልብሳቸውን እንደገና አጠፉ።

የቀበርነው ጓሯችን ውስጥ፣ ከአባቴ ጎን ነው። የተሰማው የአካፋ ድምፅ ብቻ ነበር።

አሁን ከተማው ውስጥ የሚባለው፣ የገዛ ወንድሙ እንዳልተመለሰ መሰከረበት ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ መቀለድ ትተዋል፤ እሱ ነው የባሰው። ቲቸር ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ማስጠናት ጀምረዋል። ወረቀታቸው የሚባዛው እኔ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የዝግመተ ለውጡን ምዕራፍ አባዝቼላቸዋለሁ፤ አጥንቱ፣ መንቁሩ፣ ሁሉም እንደ ድሮው አምሮ ተሥሏል። ልጆቹ ሊወስዱ ሲመጡ እየሳቁ ነው የሚመጡት። ለምን እንደሚስቁ አውቃለሁ።

እናቴ ከቀብሩ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላናገረችኝም። ማለት፣ ውኃ ቅዳ፣ በሩን ዝጋ፣ ትለኛለች። ፊቴን አታይም ነበር። እኔም ለማስረዳት አልሞከርኩም። ግማሹን የሰማ ሰው ሌላውን ግማሽ ከኋላ ብታመጣለት ሰበብ ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን ከመቃብሩ አጠገብ ካለው እንሰት የደረቀውን ቅጠል እየቆረጥን ነበር። እናቴ ከጀርባዬ፣ «ያን ዕለት ልትል የነበረው ምንድን ነው?» አለች። እየሠራች ነው የጠየቀችኝ። መናገር ጀመርኩ፤ ያዘኝ። ቢላዋዋን አስቀምጣ ቆመች። ጠበቀችኝ። እናቴ ከዚያ በፊት ጠብቃኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የያዘኝን ቃል እሷ ትጨርስልኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። አልሄደም፣ የሚለውን። መዝሙሩን። ችኮላውን።

«መዝሙሩን ሰምቻለሁ» አለች። «ዜማውን የያዝከው አንተ መሆንህን ግን አላወቅሁም።» ከዚያ፣ «ጦሳይ ኤሬስ» አለች፤ እግዚአብሔር ያውቃል ማለት ነው። ቢላዋዋን አንሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ታረቅን ልል አልችልም። መዝሙሩን ነሥቻታለሁ፤ ማናችንም ይህን አንረሳውም።

የወሩ መጨረሻ እሑድ የጌታ እራት ነበር። እኔ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ቦታዬ ነበርኩ። የወንድሜ ቦታ ባዶ ነው፤ አዳራሹ ሲሞላ እንኳን ማንም አይቀመጥበትም። መዝሙሩ አልቆ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ እናቴ ከፊት፣ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። ወደ ውጭ የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ መተላለፊያውን ተሻገረች። ወንዶቹ እግራቸውን ሰበሰቡላት። መጥታ እሱ ቦታ ላይ ተቀመጠች።

አስተናጋጁ ደርሶ ትሪውን ያዘላት። እናቴ ጌታን ካወቀች ጀምሮ ታማም እንኳን ቢሆን ከጌታ እራት ቀርታ አታውቅም። ትሪውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ትንሽ ያዘችው። ጽዋዎቹ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ፣ ሳትወስድ፣ ለእኔ አሳለፈችው።

እኔም አሳለፍኩት።

ቲቸር መድረኩ ላይ ከጠረጴዛው ኋላ ቆመው ነበር። አዩን። ጥቅሱን ማንበብ ጀምረው መሐል ላይ ቆሙ፤ ቃል እንደያዘው ሰው አፋቸውን ከፍተው ቆዩ። ሰው ሁሉ ጠበቃቸው። ከዚያ ቀጠሉ።

ወጥተን አስፋልቱ ላይ ስንደርስ እናቴ፣ ዱቄት አልቋል፤ ነገ ከሥራ ስትመለስ አስፈጭተህ ና አለችኝ።